ወንጌል የምሥራች ከሆነ የተበሠረው ነገር ምንድን ነው?

አስጎብኚው፣ ከጎንደር ፒያሳ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ በጎንደር ከተማ በአስጎብኚነት የምሠራ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። የዕለት ሥራዬ ብዙውን ጊዜ ከፋሲል ግንብ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላይ ያበቃል። ከተማዋን ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. እንደ ቈረቈሯት፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በቀዳማዊ ኢያሱ ዘመን እንደ ተመሠረተች፣ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ (የሱዳን መሐዲስት ጦር) የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ይህች ቤተ ክርስቲያን ከጥፋት እንደ ተረፈች፣ ያተረፋትም የንብ መንጋ መሆኑን አባቶች እንደሚተርኩ፣ ይህን ሁሉ ሳልደናቀፍ እናገራለሁ። ባለፈው ወር ግን አንድ ነገር ገጠመኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ አላረፈም።

በዕድሜ የገፉ አንዲት የውጭ ሀገር እንግዳ ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ገባሁ። በጣሪያው ላይ ስለ ተሣሉት ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች ከነገርኋቸው በኋላ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ዞርን፤ በዚያ ከላይ ሥላሴ፣ ከሥራቸው ደግሞ ስቅለቱ ተሥሏል። «የወንጌል ልብ ይህ ነው» አልኋቸው። ወንጌል የሚለው ቃል ከግሪክ እንደ መጣና ትርጉሙም የምሥራች እንደ ሆነ ጨመርሁላቸው። እርሳቸውም ሥዕሉን ጥቂት ዝም ብለው ካዩ በኋላ «ታዲያ የተበሠራችሁት ነገር ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ምጽዋት፣ ስለ ዐሥርቱ ትእዛዛት፣ ባልንጀራን ስለ መውደድ ነገርኋቸው። በትሕትና አዳመጡኝ፤ ከዚያም በቀስታ «ይህ ሁሉ ሰው ሊያደርገው የሚገባ መልካም ነገር ነው፤ እኔ የጠየቅሁህ ግን ስለ ወሬው ነው፤ ምን ሆነ?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ቍጥር 16ን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ይሁን እንጂ በዚያች ሰዓት የማውቀው ሁሉ ተበታተነብኝ፤ ሥሩ የትኛው፣ ቅርንጫፉ የትኛው እንደ ሆነ መለየት አቃተኝ። ክርስቶስ ተወለደ፣ ተጠመቀ፣ አስተማረ፣ ተሰቀለ፣ ተነሣ፣ ዐረገ፤ ከእነዚህ ልቡ የትኛው ነው? ሥዕሉ ፊት ለቆመ ሰውስ የምሥራች የሚሆነው እንዴት ነው? የኦርቶዶክስም የወንጌላውያንም ምእመናን ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። በቤተ እምነቶች መካከል ክርክር ለማስነሣት ፈልጌ አይደለም፤ እንደዚያች እናት ያለ ሰው ዳግመኛ ቢጠይቀኝ ባዶ እጄን እንዳልቆም ነው።

የትርጓሜ ተማሪ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ መልሱን አንተው ራስህ በየዓመቱ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ስትናገረው ኖረሃልና። ከትንሣኤ ሌሊት ጀምሮ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲል ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ይላል፤ «አሠሮ ለሰይጣን» ሲል «አግዐዞ ለአዳም» ይላል፤ «ሰላም» ሲል «እምይእዜሰ»፣ «ኮነ» ሲል «ፍሥሐ ወሰላም» ይላል። ክርስቶስ በታላቅ ኃይልና ሥልጣን ከሙታን ተነሣ፤ ሰይጣንን አሠረው፤ አዳምን ነጻ አወጣው፤ ከእንግዲህ ወዲህ ደስታና ሰላም ሆነ ማለት ነው። ግሦቹን ልብ ብለህ ተመልከታቸው። ተንሥአ፣ አሠረ፣ አግዐዘ፤ የሦስቱም ባለቤት ክርስቶስ ነው። አዳም በዚህ ቃል ውስጥ ተደረገለት እንጂ አደረገ አልተባለም። እንግዳዋ «ምን ሆነ?» ብለው የጠየቁህ ይህንኑ ነው።

አዳም ለምን ተጠራ ብትል ደብዳቤ ስትጽፍ በራስጌው ላይ የምታኖረውን ቀን ተመልከት። አባቶች እንዳስተማሩን እግዚአብሔር ከገነት ለወጣው አዳም፣ አምስት ቀን ተኩል ሲፈጸም ከልጅ ልጁ ተወልዶ እንደሚያድነው ተስፋ ሰጠው፤ አንዱም ቀን እንደ 1000 ዓመት ተቈጥሮ ዘመኑ 5500 ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ዓመተ ምሕረት እንለዋለን። የባንክ ሠራተኛውም፣ የቀበሌ ጸሐፊውም፣ ነጋዴውም በየቀኑ «ዓ.ም.» ብለው ሲጽፉ፣ ሳያስተውሉትም ቢሆን፣ የተስፋው ቃል እንደ ተፈጸመ ይመሰክራሉ።

የሰው ልጅ የደረሰበት ችግር ትእዛዝ ማጣት አልነበረም፤ ትእዛዝማ ለአዳምም ተሰጥቶት ነበር፣ ለእስራኤልም በድንጋይ ጽላት ተጽፎላቸው ነበር። ችግሩ ሞት ነበር። ከሕይወት ምንጭ የተለየ ፍጥረት በራሱ ጊዜ ወደ ሕይወት ሊመለስ አይችልም፤ በመቃብር ላለ ሰው ምንም ያህል መልካም ምክር ቢነበብለት አይነሣም። ስለዚህ ሕይወት የሆነው እርሱ ራሱ ወደ ሞት ስፍራ መውረድ ነበረበት። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች «ዘበእንቲአነ ለሰብእ ወበእንተ መድኃኒትነ ወረደ እምሰማያት» ብለው የመሰከሩት፣ እኛም በየቅዳሴው የምንደግመው ይኸንኑ ነው፦ ስለ እኛ ስለ ሰዎች፣ እኛን ስለ ማዳን ከሰማያት ወረደ። ምክንያቱስ ምን ነበር ብትል ቅዳሴያችን «ፍቅር ሰሐቦ ለወልድ ኃያል እመንበሩ ወአብጽሖ እስከ ለሞት» ይላል፤ ኃያል ወልድን ከዙፋኑ ፍቅር ሳበው፣ እስከ ሞትም አደረሰው።

ልደቱ፣ ጥምቀቱ፣ ስቅለቱ፣ ትንሣኤው፣ ዕርገቱ ከእነዚህ የትኛው ልብ ነው ላልኸው፣ እንደ ተለያዩ ዕቃዎች ባትለያያቸው እወዳለሁ። አንድ መንገድ ናቸው፤ በልደቱ ወደ እኛ የሚወርደው፣ በጥምቀቱ ከኃጢአተኞች ጋር የሚቆጠረው፣ በስቅለቱ ወደ ጥልቁ የሚደርሰው፣ በትንሣኤውና በዕርገቱ እኛን ይዞ የሚመለሰው አንዱ እርሱ ነው። በጎንደር ጉባኤ ቤቶች፣ ላይ ቤትና ታች ቤት በሚባሉት በሁለቱም የመጻሕፍት ትርጓሜ ስልቶች፣ አንዱ ቃል «አንድም» እየተባለ በብዙ መንገድ ይተረጐማል፤ የትርጓሜው ብዛት ግን ምሥጢሩን አይከፋፍለውም። የመንገዱ ጫፍ የት ነው ከተባለ ሞቱና ትንሣኤው ነው።

ከአዘዞ፦

እኔ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ። ወንድማችን ከላይ ከጻፈው ውስጥ የምነቅፈው የለኝም፤ እንዲያውም የትንሣኤውን ሰላምታ በዚህ ዓይን አይቼው ስለማላውቅ አመሰግነዋለሁ። እኔ የምጨምረው ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ «ወንጌል ይህ ነው» ብሎ በአጭሩ ያስቀመጠበትን ስፍራ ነው። በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 15 ላይ «የሰበክሁላችሁን ወንጌል አሳስባችኋለሁ» ካለ በኋላ፣ እርሱ ራሱ የተቀበለውን እንዳስተላለፈ ይናገራል፤ ክርስቶስ መጻሕፍት እንደሚሉ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተቀበረ፣ መጻሕፍት እንደሚሉ በሦስተኛው ቀን ተነሣ፣ ታየም። ከዚያም ያዩትን ይዘረዝራል፤ ኬፋ የተባለው ጴጥሮስ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ በአንድ ጊዜም ከ500 የሚበልጡ ወንድሞች፤ ከእነዚህም የሚበዙት መልእክቱ በተጻፈበት ጊዜ በሕይወት ነበሩ። ይህ የተጻፈው ነገሩ ከሆነ 30 ዓመት እንኳ ሳይሞላው ነው። ጳውሎስ የሚናገረው ሄዶ ሊጠየቅ የሚችል ምስክር እንዳለው ሰው ነው።

በዚህ አጭር ቃል ውስጥ ግን ዘወትር የሚያቆመኝ «ስለ ኃጢአታችን» የሚለው ነው። ክርስቶስ ሞተ ማለት ታሪክ ነው፤ ስለ ኃጢአታችን ሞተ ማለት ወንጌል ነው። እኔ ለረጅም ዓመታት እግዚአብሔርን በሚዛን ፊት እንደ ተቀመጠ ዳኛ ብቻ አስበው ነበር። በአንዱ ወገን ክፋቴን፣ በሌላው ወገን ጥቂት መልካም ሥራዬን አድርጌ ሌሊት ሌሊት እመዝን ነበር፤ ሚዛኑም አንድ ቀን እንኳ ወደ እኔ አጋድሎ አያውቅም። በሮሜ ምዕራፍ 5 ላይ ያለው «ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአልና» የሚለው ቃል በትክክል የገባኝ ቀን፣ የምመዝነው ነገር ቀድሞ እንደ ተከፈለ ተረዳሁ። ጌታ በመስቀል ላይ «ተፈጸመ» ብሏል። የቀረውን አንተ ፈጽመው አላለኝም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ለእንግዶችህ ስትናገር «እኛ» እና «ስለ እኛ» የሚሉት ቃላት ከአፍህ እንዳይለዩ እለምንሃለሁ። ወንጌል ስለ አዳም ብቻ እንደ ተነገረ የሩቅ ዘመን ወሬ ከቀረ፣ የሚሰማው ሰው አድንቆት ይሄዳል እንጂ አይቀበለውም። ይህን የምለው ለኦርቶዶክሳውያን ብቻ አይደለም፤ በእኛም አብያተ ክርስቲያናት ከአማኝ ቤተ ሰብ የተወለዱ ልጆች እምነትን እንደ ርስት ከአባታቸው የተረከቡት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የምሥራቹ ግን ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ የተላከ ነው፤ ንስሐ ገብቶ በእምነት የሚቀበለውም እያንዳንዱ ራሱ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ አሁን የምኖረው ጎንደር ነው፤ ጕልበቴን የጨረስሁት ግን በደንቢያ ገጠር በማስተማር ነው። በዚያ ሳለሁ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ለደም ዕርቅ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ስለዚህ በማውቀው መንገድ ልመልስልህ።

በሀገራችን ደም ከፈሰሰ ነገሩ በገዳይና በሟች መካከል አይቀርም። ወንድም የወንድሙን፣ ልጅ የአባቱን ደም ለመመለስ ቀን ይጠብቃል፤ ገዳይም ቀዬውን ጥሎ ይሸሻል፤ የሁለቱ ወገን ልጆች በአንድ መንገድ መሄድ፣ በአንድ ገበያ መገበያየት ያቅታቸዋል። ዕርቅ ሲታሰብ ካህኑ መስቀሉን ይዞ፣ ሽማግሌዎቹም ተከትለው ወደ ሟች ቤተ ሰብ ይሄዳሉ። እንቢ ይባላሉ፤ ይመለሳሉ፤ ደግመው ይሄዳሉ። እሺታ በተገኘ ጊዜ በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል፤ ካሳውም ይቈረጣል። እንግዲህ አስተውል፤ የሚሸሸው በዳይ ነው፣ ድንጋይ የሚሸከመውም በዳይ ነው፣ ካሳ የሚከፍለውም በዳይ ነው። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ማንም አይነቅፈውም።

ወንጌል የሚነግረን ግን ይህ ሥርዓት አንድ ጊዜ እንደ ተገለበጠ ነው። አዳም በዛፎች መካከል ተሸሽጎ ሳለ «ወዴት ነህ?» እያለ ሊፈልገው የወጣው የተበደለው እግዚአብሔር ነው። ሽማግሌ የላከው የተበደለው ነው። በመጨረሻም ዕንጨቱን በጫንቃው ተሸክሞ ወደ ቀራንዮ የወጣው የተበደለው ነው። ካሳ ሊቀበል የሚገባው እርሱ ሆኖ ሳለ ካሳ ሆነ። ጳውሎስ በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት «እግዚአብሔር በክርስቶስ ሆኖ ዓለሙን ከራሱ ጋር ያስታርቅ ነበር» ያለውን ቃል ባነበብሁ ቍጥር፣ ስንት ጊዜ ድንጋይ ሲወርድ እንዳየሁ ትዝ ይለኛል።

አንዲት እናት አልረሳም። አንድ ልጃቸው ነበር የተገደለባቸው። ገዳዩ ገና ወጣት ነበር፤ ድንጋዩን ተሸክሞ ከደጃፋቸው ሲደርስ ጕልበቱ ተብረከረከ። ሽማግሌዎች ቃላችንን ሳንጨርስ፣ ካሳውም ሳይነገር፣ እኒያ እናት ከመደቡ ተነሥተው «አውርዱለት» አሉ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። ሰዎች ምሕረትን ያለ ዋጋ የተሰጠ አድርገው ሲናገሩ ስሰማ እኒያ እናት ይታዩኛል፤ ለገዳዩ ወጣት ነጻ ነበር፣ ለእርሳቸው ግን አልነበረም። የይቅርታን ዋጋ የሚከፍለው ይቅር የሚለው ነው። መስቀል ማለት ይህ ነው፤ እግዚአብሔር ኃጢአታችንን እንዳላየ አላለፈውም፣ ዋጋውን በራሱ ላይ አደረገው እንጂ።

ምሳሌዬ ግን የሚያነክስበት ቦታ ስላለ ሳልናገር አላልፍም። በእኛ ዕርቅ ሽማግሌው ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ነው። ክርስቶስ እንዲህ ያለ ሦስተኛ ሰው አይደለም። አንዳንድ ሰዎች አብ ተቈጥቶ፣ ወልድ በመካከል ገብቶ ያበረደው አድርገው ሲተርኩ ሰምቼ አዝኛለሁ። ፍቅሩም ፈቃዱም የሥላሴ አንድ ነው፤ አዳኙም ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው ሆኖ በአንድነት የሚኖር ነው። አምላክ ባይሆን ሊያድነን አይችልም፣ ሰው ባይሆን ስለ እኛ ሊሞት አይችልም ነበር። የጎንደር ሊቃውንት በነገሥታቱ ፊት ስለ ክርስቶስ ማንነት ያን ያህል ዘመን የተከራከሩት ሥራ አጥተው አይደለም፤ እርሱ ማን እንደ ሆነ ከተሳተ ያደረገልንም አብሮ ስለሚሳት ነው። አንተ የምታስጎበኘው ግድግዳ ላይ ከስቅለቱ በላይ ሥላሴን ባየሁ ጊዜ የሚታየኝ ይኸው ነው። በታች የተደረገው ከላይ የታሰበው ነው።

አዋላጅ ነርስ፣ ከጎንደር፦

አባታችን ከጻፉት በኋላ ምን ልጨምር ብዬ ነበር፤ ነገር ግን «የምሥራች» የሚለውን ቃል በሥራዬ ስለምጠቀምበት ዝም ማለት አልሆነልኝም። እናቲቱ በሰላም ስትገላገል ወደ ውጭ ወጥቼ ለሚጠባበቀው ቤተ ሰብ «የምሥራች!» እላለሁ፤ እነርሱም «ምስር ብዪ!» ይሉኛል፤ ከዚያ እልልታው ይከተላል። በደጅ ሌሊቱን ሙሉ የቆመው አባት በዚያች ሰዓት የሠራው ነገር የለም። ምጡም የእርሱ አይደለም፣ ደሙም የእርሱ አይደለም። ሆኖም ወሬው የእርሱ ነው፤ አባት ሆኗል፤ ሕይወቱም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንደ ቀድሞው አይሆንም። በሉቃስ ወንጌል መልአኩ ለእረኞቹ «ታላቅ ደስታ የምሥራች እነግራችኋለሁ» ካለ በኋላ የነገራቸው ምን እንዲያደርጉ አልነበረም፤ መድኃኒት «ተወልዶላችኋል» ነው ያላቸው። «ላችኋል» የሚለውን ልብ በሉ።

ጠያቂው ወንድማችን በእንግዳዋ ፊት የዘረዘራቸው ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት ግን የተናቁ እንዳይመስሉ እሰጋለሁ። ልጅ ከተወለደ በኋላ ገንፎ ይገነፋል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ አራሷ ትታረሳለች፣ ሕፃኑም ሌት ተቀን ይጠበቃል። ብዙ ሥራ ነው፤ አድካሚም ነው። ነገር ግን ልጁ እንዲወለድ ብሎ ገንፎ የሚገነፋ የለም፤ ስለ ተወለደ ነው የሚገነፋው። ልጅ ተወልዶለት ገንፎም እሳትም በቤቱ ከሌለ ደግሞ ያ ሰው የምሥራቹን በእርግጥ ሰምቶት ይሆን ብለን እንጠይቃለን። ያዕቆብ «ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው» ሲል፣ ጳውሎስም በኤፌሶን ምዕራፍ 2 ላይ በመጀመሪያ «ከሥራ አይደለም» ብሎ ወዲያው ለመልካም ሥራ እንደ ተፈጠርን ሲናገር፣ ሁለቱ የሚጣሉ አይመስለኝም። ቅደም ተከተሉን ጠብቀው ነው የተናገሩት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በሆስፒታል ሥራዬ ሰዎች ሲወለዱ ብቻ ሳይሆን ሲሞቱም አይቻለሁ። ለመጾምም፣ ለመስገድም፣ የበደሉትን ለመካስም ጊዜ ያልቀራቸውን አይቻለሁ። ለእነርሱ የምናገረው ወሬ ባይኖረኝ ኖሮ አልጋቸው አጠገብ መቆም አልችልም ነበር። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ፈያታዊ (ወንበዴ) እጁም እግሩም ተቸንክሮ ነበር፤ የቀረው አንደበቱ ብቻ ነው። «በመንግሥትህ በመጣህ ጊዜ አስበኝ» አለ፤ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተባለ።

አስጎብኚው፣ ከጎንደር ፒያሳ፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልቤ ነው። መምህር፣ የእኒያን እናት ነገር ያነበብሁት በግንቡ በር እንግዳ ስጠብቅ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ከሰው ፊቴን ማዞር ነበረብኝ። ትናንት ማታ ተቀምጬ ከእናንተ የተማርሁትን ከሥዕሉ ፊት ቆሜ ልናገረው በምችለው መጠን ጻፍሁት። እባካችሁ አርሙልኝ፦

«ይህ የምታዩት ስቅለት ነው። እኛ እግዚአብሔርን በደልን፤ በበደላችንም ከእርሱ ተለይተን ለሞት ተገዛን። የተበደለው እርሱ ግን እስክንመለስ አልጠበቀንም። ከዙፋኑ ወርዶ፣ እንደ እኛ ሰው ሆኖ፣ በዳይ ሊሸከመው የሚገባውን እርሱ ተሸከመ፤ ስለ ኃጢአታችንም ሞተ። ከላይ የምታዩአቸው ሥላሴ ናቸው፤ ይህ የሆነው በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ አንድ ፍቅር ነው። ለእኛ የተበሠረልን ወሬ ይህ ነው። የምንጾመውና የምንጸልየው ይህ ስለ ተደረገልን ነው።»

የትርጓሜ ተማሪ፦

ወንድሜ፣ ቃልህ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ክርስቶስን በመቃብር ትተኸዋል። ሥዕሉ ስቅለቱ ላይ ስለሚያቆምህ እንደ ሆነ ይገባኛል፤ አንተ ግን እዚያ መቆም አትችልም። የአዘዞው ወንድማችን በጠቀሰው በዚያው ምዕራፍ ጳውሎስ «ክርስቶስም ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት፤ እስከ አሁን ድረስ በኃጢአታችሁ አላችሁ» ይላል። የበደላችን ዋጋ መከፈሉን የምናውቀው ከፋዩ ከመቃብር ስለ ወጣ ነው፤ ሞትም የተሸነፈው ሞት ሊይዘው ስላልቻለ ነው። ከዚህም በላይ እርሱ ሕያው ካልሆነ እንግዶችህን ወደ ማን ትመራቸዋለህ? የምታወራላቸው ስለ አንድ መልካም ሟች ይሆናል። ደግሞም ጥምቀታችንን አስብ፤ በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ታቦታቱ አድረው በፋሲል መዋኛ ውኃው ሲባረክ እንግዶችህ የሚያዩት የጌታን ጥምቀት መታሰቢያ ነው፤ የእያንዳንዳችን ጥምቀት ግን፣ በሮሜ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈ፣ ከእርሱ ጋር መቀበርና ከእርሱ ጋር በአዲስ ሕይወት መነሣት ነው። ትንሣኤውን ካጐደልህ እኛ ከውኃው ሳንወጣ ቀርተናል ማለት ነው።

ከአዘዞ፦

በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። «እመኑ፣ ተቀበሉትም» የሚለው ግብዣም ትርጕም የሚኖረው የሚጋብዘው ሕያው ሲሆን ብቻ ነው።

አስጎብኚው፣ ከጎንደር ፒያሳ፦

እውነት ነው። «ስለ ኃጢአታችንም ሞተ» ካልሁት ቀጥሎ ይህን አስገብቻለሁ፦ «ሥዕሉ በዚህ ያበቃል፤ ወሬው ግን አያበቃም። በሦስተኛው ቀን ተነሣ፤ ሞትንም አሸነፈው፤ ዛሬም ሕያው ነው። በትንሣኤ ሌሊት እዚህ ከተማ ብትገኙ ካህኑና ሕዝቡ ይህንኑ ሲቀባበሉት ትሰማላችሁ።» ከዚያም ሰላምታውን በግእዝ እልላቸውና ቃል በቃል እፈታላቸዋለሁ።

ጥያቄውን ለጠየቁኝ እንግዳም መልእክት ልኬላቸዋለሁ፤ ለጥያቄዎ በዕለቱ መልስ ስላልሰጠሁዎ ይቅርታ ብዬ፣ መልሱን ከነትንሣኤው ጻፍሁላቸው።